ሁለት ቀን ከጋሽ ነስሩ ፔጆ ጋር

ስሠራ አጠገቤ ቆሞ የሚያየኝን ሰው አልወድም። አሁንም አልወድም፤ ያኔ ግን ይብስብኝ ነበር። እጄ ይታሰራል፣ ላብ በላብ እሆናለሁ፣ አፌም አጉል ይሆናል። እንዲህ ያለሁ ሰው ላይ ነው ጋሽ ነስሩ ወንበር ይዘው የመጡብኝ።

ነገሩ ቡታጅራ ነው። ኢሕአዴግ አገሪቱን በሚመራበት ጊዜ፣ መብራት በፈረቃ የሚመጣበት ዓመት ነበር። አንድ ቀን ካለ በማግሥቱ የለም። እኔ የወልቂጤ ልጅ ነኝ፤ ኤርሚያስ እባላለሁ። አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ውስጥ ስድስት ዓመት መኪና ሳጥብና ፖሊሽ ሳደርግ ቆየሁና፣ የራሴን የፖሊሽ ማሽን ይዤ ወደ አገሬ ተመለስኩ። ወልቂጤ ላይ የሚሆን ቦታ ስላጣሁ ቡታጅራ፣ በሆሳዕና መንገድ ዳር፣ ከአንድ ጎሚስታ ጎን በቆርቆሮ የታጠረች ግቢ ተከራየሁ። በሯ ላይ «ዘመናዊ የመኪና ፖሊሽ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ።

ማን ይምጣ! ለብዙው ሰው መኪና ማጽዳት ማለት ውሃና ሳሙና ነው። «ማሽኑ ምን ያደርጋል?» ይሉኛል። አስረዳለሁ። መጀመሪያ መኪናው በደንብ ይታጠባል። ቀጥሎ ማሽኑ ላይ ስፖንጅ ይገጠምና ኮምፓውንድ በሚባል ሻካራ ቅባት የደበዘዘው የቀለሙ ገጽ ይጠረጋል። መጨረሻ ላይ የቀለም መከላከያ የሚባለው ፈሳሽ በለስላሳ ስፖንጅ፣ ማሽኑን በዝግታ እያስኬዱ፣ በጣም ስስ ሆኖ ይቀባል። ትንሽ ጠብቀው ጭጋግ ሲመስል በንጹሕ ጨርቅ ያነሱታል። ከዚያ በኋላ ውሃ ቀለሙ ላይ አይተኛም፤ እየተንከባለለ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ሰምተው ሲጨርሱ «እሺ፣ እስቲ ለዛሬ በውሃ ብቻ እጠብልኝ» ይሉኛል። አራት ወር እንዲህ አለፈ። ወሩ ሲያልቅ ማሽኑን ሸጬ አዲስ አበባ ልመለስ ወስኜ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ነስሩ መጡ። ጋሽ ነስሩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆነው ቁስል ሲያጥቡና ሲያሽጉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከተማው ግን «ዶክተር» ነው የሚላቸው። ቀጭን፣ ረዥም፣ ጥፍራቸው ሁሌ የተከረከመ፣ ኮታቸው ላይ አንድ ክር እንኳ የማይገኝ።

«አሰላሙ አለይኩም። መኪና የምታበራው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«እስቲ እጅህን አሳየኝ።»

እጄን! አሳየኋቸው። ገለባብጠው አዩትና «ጥፍርህን ቁረጥ» አሉኝ። ከዚያ ነው ወደ ጉዳያቸው የገቡት።

መኪናዋ አሮጌ ነጭ ፔጆ ናት። የታላቅ ወንድማቸው የከድር ነበረች። ከድር ልጁ ሰሚራ የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለች ታሞ ሞተ፤ እናቷ ቀድማ፣ በወሊድ ነው ያረፈችው። ያን ጊዜ ጋሽ ነስሩ ሥራቸው ጅማ ነበር። ለወንድማቸው ቀብር መጥተው በዚያው ቀሩ፤ ወደ ቡታጅራ ተዛውረው ልጅቷን አሳደጉ፣ መኪናዋንም በሸራ ሸፍነው ጠበቁ። አሁን እሑድ ሰሚራ ልትዳር ነው። ከቤት የምትወጣው በዚያች ፔጆ ነው፤ ከዚያ በኋላ መኪናዋ የእሷ ትሆናለች።

«ወንድሜ እንደተዋት ነው የማስረክባት» አሉኝ። «ቀለሙ የእሱ ነው። አብራልኝ እንጂ ቀለሙን እንዳትነካብኝ።»

«ጋሼ፣ ቀለም ሳይነካ ፖሊሽ አይደረግም።»

«ታዲያ እንዴት ልትሠራ ነው?»

«በጥንቃቄ።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ» አሉ።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፔጆዋን እየነዱ ደረሱ። ከኋላ መቀመጫው ላይ የእንጨት ወንበር፣ አንድ ጀሪካን ውሃና በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወረዱ። «ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ነው። ጨርቆቹም ተቀቅለዋል» አሉኝ።

«ጨርቁ ለምን ይቀቀላል?»

«አንተ ባልተቀቀለ ጨርቅ ነው የምትሠራው?»

ጨርቆቹን ተቀበልኳቸው። ወንበራቸውን ከኮፈኑ አንድ ክንድ ርቀት ላይ አስቀመጡና እግራቸውን አነባብረው ጀመሩ። «እዚያ ጋ አልታጠበም።» «ከላይ ወደ ታች እንጂ!» «ያ ጨርቅ መሬት ነክቷል፤ ለውጠው።» መሬት አልነካም እላለሁ። ነክቷል ይላሉ። ጫፉን አየዋለሁ፤ እውነትም ነክቷል። ከሁሉ የሚያቃጥለው እሱ ነበር፤ ሰውየው አይሳሳቱም።

የዓርቡ ፈረቃ የእኛ ሰፈር ነበር። መብራቱ ግን ይህን የነገረው የለም። ሦስት ሰዓት ላይ መጣ፤ ማሽኑን ሰክቼ ጣራውን ስጀምር ጠፋ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ፤ ገና ስፖንጁን ሳስነካ ጠፋ። በዚያ ላይ ከመንገዱ አቧራ አለ። አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ጋሽ ነስሩ ከወንበራቸው ይነሱና «ሸፍን! ሸፍን!» ይላሉ። ከቤት ያመጡትን አንሶላ እኔ በአንድ ጫፍ፣ እሳቸው በሌላው ጫፍ ይዘን መኪናዋ ላይ እንዘረጋለን። አቧራው ያልፋል። እናነሳለን። ሌላ አይሱዙ ይመጣል። ጎረቤቴ ጎሚስታው አወል ጎማ መንቀል ትቶ በሳቅ ይፈርሳል። ጋሽ ነስሩ ለጁምዓ ሲሄዱ የተረፈችኝ እፎይታ አንድ ሰዓት አትሞላም። ማምሻውን መኪናዋን በሸራ ሸፍነው እኔ ግቢ ውስጥ አሳደሯትና «ነገ ፈረቃችን አይደለም፤ ምን ልታደርግ ነው?» አሉኝ።

«በእጄ እሠራዋለሁ ጋሼ» አልኩ። በእጅ ቢሠራ ለእሑድ እንደማይደርስ ግን አውቃለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ተራችን ሳይሆን መብራት መጣ። ለምን እንደመጣ አልጠየቅኩም። ዘልዬ ማሽኑን ሰካሁ። መቼ እንደሚጠፋ ስለማላውቅ እየተጣደፍኩ ጣራውን፣ በሮቹን፣ የኋላ ኮፈኑን፣ ፓራፋንጎዎቹን በኮምፓውንድ ጨረስኩ። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ነጩ ቀለም ከዓመታት ድብዘዛ ስር ወጥቶ ሰማዩን እንደ መስታወት ያሳይ ጀመር። ጋሽ ነስሩ እንኳ ለሩብ ሰዓት ያህል እንከን አላወጡም።

የቀረው የፊት ኮፈኑ ነበር። ከዚያ መላውን መኪና መከላከያውን መቀባት። የዙሁር ሶላት ደረሰና ጋሽ ነስሩ ተነሱ።

«ኮፈኑን ስመለስ አብረን እንጀምራለን። እስከዚያ እንዳትነካው።»

«እሺ ጋሼ።»

ከበሩ ሲወጡ ጀርባቸውን አየሁና ማሽኑን አነሳሁ። ማንም ሳያዘኝ፣ ማንም ሳይቆጥርብኝ፣ አንዲት ኮፈን በሰላም ልጨርስ! ፍጥነቱንም ጨመርኩት። የፔጆዋ ኮፈን መሐሉ ላይ ከፍ ያለ መስመር አለው። እንዲህ ያለ ጠርዝ ላይ ቀለም ስስ ነው፤ ማሽን ቶሎ ይበላዋል። ይህን ለጀማሪዎች ሳስተምር የኖርኩት ራሴ ነኝ። ያን ቀን ግን በልቤ ከጋሽ ነስሩ ጋር እየተከራከርኩ ነበርና እጄን አላየሁትም።

መጀመሪያ ሽታው መጣ። ከዚያ ስፖንጁ ላይ ያለው ነጭ አረፋ ቢጫ ሆነ። ማሽኑን አጠፋሁና በጨርቅ ጠረግኩት። መስመሩ ላይ፣ የመዳፌን ያህል፣ ነጩ ቀለም የለም። ከስሩ ቢጫ ነገር ይታያል።

በማግሥቱ ሠርግ ነው። አወል የማሽኑ ድምፅ ስለጠፋበት ብቅ ብሎ አየና አንገቱን ነቀነቀ።

«ነጭ ቀለም አለኝ፤ ከአይሱዙ የተረፈ» አለኝ። «ነካ ነካ አድርገውና ያንን ቅባትህን ደርብበት። ዓይናቸውም ደክሟል።»

ዓይናቸው እንዳልደከመ ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ግን ሰጠኝ፤ ተቀበልኩ። በጨርቅ ጫፍ ነካ ነካ አደረግኩት፣ በካርቶን አራገብኩት፣ በጣቴ ስነካው የደረቀ መሰለኝ። ለስላሳውን ስፖንጅ ገጥሜ፣ የቀለም መከላከያውን ጠብ አድርጌ፣ ማሽኑን በዝግታ አስነሳሁ። የላዩ ደርቆ ኖሮ ስሩ እርጥብ ነው። ስፖንጁ ቦጨቀና ነጩን ቀለም ከመከላከያው ጋር ለውሶ ግማሹ ኮፈን ላይ ዘረጋው፤ ግድግዳ ላይ የተደፋ ኖራ መሰለ። ቢጫውም ተመልሶ ወጣ።

ስፖንጁን ነቅዬ መሬት ላይ ወረወርኩት። መብራቱን፣ አወልን፣ ቡታጅራን፣ ማሽን የሚባል ነገር የፈለሰፈውን ሰው ሳይቀር ረገምኩ። ራሴን ብቻ አልረገምኩም።

«ሰላም ነው?» አለ የሴት ድምፅ።

ዞር ስል ሰሚራ ናት። እጇ እስከ ክርኗ ሂና ነው፤ የምሳ ዕቃ ይዛለች። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ብቻ ነበር ያየኋት፤ አጎቷን «አባ» ነው የምትላቸው።

«ቤቱ በሴቶች ተሞልቶ መተንፈሻ አጣሁ» አለች። «አባ ደግሞ ልጁ ትናንት ምሳ ሳይበላ ዋለ ሲል ሰማሁ። እሱን ሰበብ አድርጌ ወጣሁ። መኪናዋን ልያት?»

ኮፈኑ ፊት ቆምኩ። «ገና አላለቀም።»

«ምንድን ነው የምትሸፍነው?»

«ምንም። ዝገት ነው። ድሮም የነበረ ነው።»

ውሸቱ ከአፌ የወጣበት ፍጥነት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሰሚራ በጎኔ አለፈችና አየችው። የምሳ ዕቃውን መሬት አስቀመጠች። ጣቷን ቢጫው ላይ አሳረፈች።

«ዝገት እንዲህ ቢጫ ነው እንዴ?»

እጄን በጨርቅ ጠረግኩ።

«ቢጫ ነው» አለች እንደገና፣ ለራሷ። ከዚያ ጮክ ብላ «ቢጫ ነው!»

በንዴት የጮኸች መስሎኝ ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ። አልሰማችኝም። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ትስቃለች።

«አባቴን የማስታውሰው በአንድ ነገር ብቻ ነው» አለችኝ። «ፊቱን አላስታውስም። ኮፈን ላይ አስቀምጦኝ፣ እግሬን በሁለት እጁ ይዞኛል። ኮፈኑ ይሞቃል፤ ቢጫ ነው። ይኸው ነው ያለኝ። ለአባ ስነግረው መኪናዋ ነጭ ናት፤ ሕልም አይተሽ ይሆናል አለኝ። ፎቶውን አሳየኝ፤ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፤ እውነትም ነጭ ትመስላለች። ሌላ ሰው ደግሞ የምጠይቀው የለም። ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ማንሳት ተውኩ። እኔም ሕልም ነው ብዬ አመንኩ።»

ጋሽ ነስሩ ከመስጊድ ሲመለሱ ሁለታችንም ኮፈኑ አጠገብ ቆመናል። ከሩቅ ነው የገባቸው። እርምጃቸውን አልቀየሩም። መጥተው መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጎንበስ አሉ፣ በመጀመሪያ ያዩት ግን ቢጫውን አይደለም። የተቦጨቀውን ነጭ በጥፍራቸው ነካ አድርገው አሸተቱት።

«ይሄ እርጥቡ ምንድን ነው?»

«ቀለም ነው ጋሼ» አልኩ። «እንዳትነካ ያሉኝን ነካሁ። ማሽኑ ቀለሙን በላብኝ። እንዳያዩት ብዬ ከላይ ነጭ ቀባሁበት። ለልጅዎም ድሮ የነበረ ዝገት ነው ብዬ ዋሸኋት።»

ጩኸት ጠበቅኩ። እንዲያውም ተመኘሁት። ቢጮሁብኝ እኔም ጮኼ፣ ሁለት ቀን ያፈንኩትን ተናግሬ ዕቃዬን ሰብስቤ እሄድ ነበር። ጋሽ ነስሩ ግን ቀስ ብለው ነው የተናገሩት።

«ቀለሙን መብላቱ ያጋጥማል። እኔም እጄ ስቶ ያውቃል። ይሄን ማን አዘዘህ?» ጣታቸው ነጩ ላይ ነው። «ሠላሳ ዓመት ቁስል አጥቤያለሁ። ቁስሉ ራሱ ሳይሆን፣ ቁስሉ ሳይታጠብ ከላይ የታሰረ ፋሻ ሰው ሲገድል ነው ያየሁት። አሳሪው ማየት ስለማይፈልግ ብቻ!»

አንገቴን ደፋሁ። ያን ጊዜ ሰሚራ ክንዳቸውን ያዘች።

«አባ፣ ከስር ያለውን እየው።»

«አየሁት።»

«ምን ዓይነት ነው?»

እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። «መኪና ከላይ ከመቀባቱ በፊት የስር ቀለም ይቀባል አይደል? እሱ ይሆናል።»

እሱ ነው ብል ደስ ይላቸው እንደነበር ፊታቸው ላይ አየሁ። ለእኔም ይቀለኝ ነበር።

«አይደለም ጋሼ። የስር ቀለም ግራጫ ነው ወይ ቀይ ነው። ይሄ የመኪናው ቀለም ነበር።»

«አረጋግጥ።»

የኋላ ኮፈኑን ከፈትኩና ዙሪያውን ያለውን የጎማ ማሸጊያ ሳብ አድርጌ ነቀልኩት። ነጩን የቀባው ሰው ጎማውን ሳያወልቅ ነበር የቀባው። ከጎማው ስር፣ ፀሐይ ነክቶት የማያውቅ ቢጫ፣ ትናንት የተቀባ ይመስል ዙሪያውን ተገኘ።

ጋሽ ነስሩ ወንበራቸውን ፈልገው ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጅማ ነበርኩ» አሉ። «ከዚያ በፊት ለዓመታት አልመጣሁም። ከመምጣቴ በፊት አስቀብቷት ይሆናል፤ ስመጣ ነጭ ናት። ለእኔ መኪናዋ የጀመረችው እኔ ስመጣ ነው።» ቀና ብለው አይዋት። «ስንት ጊዜ ነው ሐሰት ነው ያልኩሽ?»

«ሐሰት አላልከኝም አባ። ሕልም ነው ነው ያልከኝ።»

«ያው ነው። አንድ ነገር ነበረሽ፤ እሱንም ወሰድኩብሽ። አፉ በይኝ ልጄ።»

«አፉ ብያለሁ አባ» አለች፤ ተንበርክካ ጉልበታቸውን አቀፈች። ሂናው ኮታቸውን ሲነካው አላዩትም፤ ወይም አይተው ዝም አሉ። እኔ ዞሬ የወረወርኩትን ስፖንጅ ከመሬት አነሳሁ።

ከዚያ በኋላ ምን እናድርግ የሚለው መጣ። ኮፈኑን ሙሉ በሙሉ ለማስቀባት ጊዜ የለም። ሰሚራ ግን ቢኖርም አልፈለገችም። «እንዳይዝግ ብቻ አድርግልኝ፤ ይታይ» አለች። የለወስኩትን ነጭ በጥንቃቄ አጸዳሁ። ቢጫውን ራሱን በእጄ አለሰለስኩት። መከላከያውን ልቀባ ማሽኑን ስሰካ መብራት ጠፋ።

ጋሽ ነስሩ ተነሱ፣ ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ሰቀሉት፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ከጀሪካናቸው ውሃ እጃቸውን ታጠቡ። «እንዴት እንደሚቀባ አሳየኝ» አሉ። አሳየኋቸው። እኔ በስፖንጅ እቀባለሁ፤ ጭጋግ ሲሠራ እሳቸው በተቀቀለው ጨርቅ ያነሳሉ። ሰሚራ እጇ በሂና ስለሆነ ከወንበሩ ላይ ሆና ያልተጠረገውን ትጠቁማለች። ጋሽ ነስሩም ጸባያቸው አልጠፋም። «አበዛኸው፤ ስስ አድርገው!» «ጨርቁን አራግፍ!» ይሉኛል። ገረመኝ፤ ያው ቃል ነው፣ ያው ሰው ነው፤ ግን እጄ አልታሰረም። ፀሐይ ከመግባቷ በፊት ጨረስን። ምሳዬንም ያኔ በላሁ።

እሑድ የሠርጉ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ በደጄ አለፉ። አበባውን ኮፈኑ መሐል ላይ አስረውት ነበር አሉ፤ ሰሚራ ናት ወደ ዳር ያስነሳችው። ቢጫው ወለል ብሎ ይታያል። ጋሽ ነስሩ ከፊት ተቀምጠዋል። ሰላም ይሉኛል ብዬ እጄን አነሳሁ። እሳቸው በመስኮት ብቅ ብለው ፓራፋንጎው ላይ ያረፈውን አቧራ እያሳዩኝ በቁጣ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።

ወሩ ሲያልቅ አዲስ አበባ አልሄድኩም። ጋሽ ነስሩ ላገኙት ሁሉ «የወንድሜን መኪና ቀለም የላጠው ልጅ» እያሉ ሲያወሩብኝ ከረሙ። ቀጥለው ደግሞ «ግን ነገረኝ» ይሉ ነበር አሉ። ሰው መምጣት ጀመረ። አብዛኛው የቢጫውን ነገር ሊጠይቀኝ ነው የሚመጣው፤ ጥቂቱ መኪናውን ትቶልኝ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ወልቂጤ ላይ ቦታ አገኘሁና ወደዚያ ዞርኩ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ቅዱስ ሆንኩ አልላችሁም። አሁንም ሰው ሲቆምብኝ ደሜ ይፈላል። የቆመብኝ ሁሉ የሚንቀኝ ይመስለኝ ነበር፤ አንዳንዱ የሚወደው ነገር እንዳይበላሽበት ፈርቶ እንደሚቆም ግን ጋሽ ነስሩን አይቼ አውቄያለሁ። ስሳሳት ደግሞ ባለቤቱ ሳያይ እኔ እጠራዋለሁ። እውነት መናገር ሁልጊዜ ያስመሰግናል ብዬም አላታልላችሁም፤ ደንበኛ አጥቼበታለሁ።

በቅርቡ አንድ ነጋዴ አዲስ መኪናውን ትቶልኝ ሄደ። የበሩ ጠርዝ ላይ ማሽኑ ጥፍር የምታህል ቀለም ነካብኝ። እሱን ለማየት ጎንበስ ማለት ይጠይቃል። ደወልኩለት። መጣ፤ ጎንበስ ብሎ አየው፤ ጮኸብኝ። መንገደኛው ቆሞ እስኪያይ ጮኸብኝ። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ሰማሁት። ሲደክመው «ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ አስተካክለዋለሁ። አሁን ሥራውን ላቁም ወይስ ልቀጥል?» አልኩት።

መኪናውን አየ፣ እኔን አየ፣ ተነፈሰ።

«ቀጥል» አለና አጠገቤ ቆመ።